በአረጋውያን መርጃ ማዕከላት የቡድን ጨዋታና እንቅስቃሴ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በአረጋውያን መርጃ ማዕከላት ለሚያገለግሉ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች፣ በቤታቸው አረጋዊ ወላጅ ለሚጦሩ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ለአረጋውያኑ ለራሳቸው ነው። አንባቢው ትምህርቱን ሲጨርስ የቡድን ጨዋታ ለአረጋውያን ጤና የሚሰጠውን ጥቅም፣ የትኛው የጨዋታ ዓይነት ለበሽታው እንደሚያጋልጥ፣ ጨዋታውን አስተካክሎ ማስቀጠል የሚቻልበትን መንገድና ማቆም የሚገባበትን ጊዜ ለይቶ ያውቃል ተብሎ ይጠበቃል።

መግቢያ

«ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው የአበው ብሂል በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ዘመን ከባድ ፈተና ገጥሞት ነበር። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በሀገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ከተገለጸበት ጊዜ ጀምሮ፣ ሰው ለሰው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን የበሽታም መተላለፊያ ሊሆን እንደሚችል በተደጋጋሚ ሲነገር ቆይቷል። ቫይረሱ በሁሉም ዕድሜ ላይ ያለን ሰው ሊይዝ ቢችልም፣ ለጽኑ ሕመምና ለሞት በይበልጥ የሚዳረጉት በዕድሜ የገፉ ሰዎች፣ እንዲሁም የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብና የመተንፈሻ አካላት ሕመም ያለባቸው ወገኖች ናቸው። በመርጃ ማዕከላት ደግሞ እነዚህ ሁለት ሁኔታዎች በብዙዎች ላይ ተደርበው ይገኛሉ። ከዚህም በላይ መኝታ ክፍሉ፣ የመመገቢያ አዳራሹና መጸዳጃ ቤቱ የጋራ በመሆኑ፣ አንድ ጊዜ የገባ ቫይረስ በፍጥነት ሊዛመት ይችላል።

በዚህ ምክንያት ማዕከላት በወረርሽኙ ወቅት በራቸውን ለጠያቂ መዝጋታቸውና ስብሰባን መቀነሳቸው ተገቢ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ከጠያቂው ጋር አብሮ የቀረ ሌላም ነገር ነበር። ቀድሞ ልደቱን ወይም ሠርጉን ከአረጋውያን ጋር ማዕድ በመቁረስ የሚያከብር ወገን ወደ ግቢው ይመጣ ነበር፤ አረጋውያኑም ከዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው ይጫወቱ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ አረጋዊው ከአልጋውና ከግድግዳው ጋር ብቻውን ይቀራል። የዚህ ትምህርት ዋና መልእክትም ከዚህ ይነሣል፤ ጨዋታ ከእንክብካቤው የሚቀነስ ትርፍ ነገር ሳይሆን የእንክብካቤው አንድ አካል ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት «እንጫወት ወይስ እንተው?» ተብሎ ሳይሆን «የትኛውን፣ የት፣ ከማን ጋርና እንዴት እንጫወት?» ተብሎ ነው።

1. የብቸኝነትና ያለመንቀሳቀስ ጉዳት

በእርጅና ዘመን ጡንቻ ካልሠራ በቶሎ ይከሳል። ለጥቂት ሳምንታት ከአልጋ ሳይወርዱ የቆዩ አረጋዊ ቀድሞ ያለ ድጋፍ ይደርሱበት ወደነበረው መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ሰው ሊያስፈልጋቸው ይችላል። ሚዛናቸውን መጠበቅ ሲሳናቸው ይወድቃሉ፤ በዚህ ዕድሜ የሚደርስ የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአልጋ ቁራኛ ያደርጋል። ብቸኝነት በበኩሉ ከድብርት፣ ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከምግብ ፍላጎት መቀነስና ከማስታወስ ችሎታ መዳከም ጋር የተያያዘ ነው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሰዎች የዕለቱ መርሐ ግብር ሲቋረጥባቸው ግራ መጋባታቸውና መረበሻቸው ይጨምራል።

እንግዲህ ከቫይረሱ ለመጠበቅ የተወሰደው እርምጃ ራሱ ሌላ ጉዳት እንዳያስከትል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለዚህም ሲባል «ማኅበራዊ ርቀት» ከሚለው አነጋገር ይልቅ «አካላዊ ርቀት» የሚለው ይመረጣል። የሚራራቀው አካል እንጂ ሰውነትና ወዳጅነት አይደለም።

2. ከማንኛውም ጨዋታ በፊት የሚቀርቡ አራት ጥያቄዎች

አስተባባሪው አንድን ጨዋታ ከመምረጡ በፊት የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች ራሱን ይጠይቅ።

ሀ. ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ዕቃ አለውን? ካርታ፣ ጠጠር፣ ኳስና ሲኒ ብዙ እጅ ይነካቸዋል። ዕቃ የማያስፈልገው ወይም ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ዕቃ ሊዘጋጅለት የሚችል ጨዋታ ይመረጣል።

ለ. ድምፅ ከፍ ማድረግን ይጠይቃልን? ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በቫይረሱ የተያዘ ሰው ሲያስነጥስ፣ ሲያስል፣ ሲናገርና ሲዘምር ከአፉና ከአፍንጫው በሚወጡ ጠብታዎች አማካይነት ነው። ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር የሚወጣው ጠብታም ይበዛል።

ሐ. የሚካሄደው የት ነው? አየር በደንብ የሚዘዋወርበት ግቢ ወይም በረንዳ ከተዘጋ አዳራሽ እጅግ ይሻላል።

መ. ስንት ሰው፣ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል? የሰው ቍጥርና የጊዜው ርዝመት በጨመረ መጠን የመጋለጥ ዕድሉም ይጨምራል።

አንድ ጨዋታ በአንዱ ጥያቄ ቢወድቅ ወዲያውኑ አይጣልም፤ በቅድሚያ ሊስተካከል ይችል እንደሆነ ይታያል። በሁሉም ከወደቀ ግን በወረርሽኝ ወቅት አይካሄድ።

3. ቦታውንና ቡድኑን ማዘጋጀት

ቡድኑ አነስተኛና ቋሚ ይሁን። 4 ተጫዋቾችና 1 አስተባባሪ ለአንድ ቡድን ይበቃሉ፤ ሰፊ ግቢ ባለበት ተጫዋቾቹ እስከ 6 ሊደርሱ ይችላሉ። በአንድ ክፍል የሚያድሩ ሰዎች በአንድ ቡድን ቢሆኑ ይመረጣል። ቡድኑ ሳይቀያየር ከቀጠለ፣ ከመካከላቸው አንድ ሰው ቢታመም የተጋለጡትን ሰዎች ለይቶ ማወቅ ቀላል ይሆናል።

ወንበሮቹ ቢያንስ በ2 ሜትር፣ ማለትም በሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት፣ በግማሽ ክብ ይቀመጡ። የእያንዳንዱ ወንበር ቦታ በኖራ ወይም በቀለም ቢመለከት አረጋውያኑ በየቀኑ ማስታወሻ አያስፈልጋቸውም። ጊዜው የጠዋቱ ብርድ ከለቀቀ በኋላ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ይሁን፤ ለደካሞች ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይዘጋጅ። በክረምት በረንዳ ወይም መስኮቶቹ የተከፈቱ ሰፊ ክፍል መጠቀም ይቻላል። አንዱ ጨዋታ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቢወስድ በቂ ነው።

ወደ ጨዋታው የሚመጣ ሰው ሁሉ በመጀመሪያና በመጨረሻ እጁን በውኃና በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠብ። መራመድ የሚያዳግታቸው ባሉበት ሆነው በማስታጠቢያ ይታጠቡ ወይም አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ ይሰጣቸው። አስተባባሪው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛውን በማንኛውም ጊዜ አያውልቅ፤ የሕመም ምልክት የሌለው ሰውም ቫይረሱን ሊያስተላልፍ ይችላልና። አረጋውያኑም መሸፈኛ እንዲያደርጉ ይበረታታሉ። ሆኖም የመተንፈስ ችግር ላለበት ወይም መሸፈኛውን ራሱ ማውለቅ ለማይችል ሰው መሸፈኛ አይደረግም፤ በምትኩ ርቀቱ ይጨመራል።

የጨዋታ ዕቃዎችና የወንበር መደገፊያዎች ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በሳሙናና በውኃ ይታጠቡ፤ ከዚያም በበረኪና ይጽዱ። በረኪናው 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው ከሆነ 20 ሚሊ ሊትሩን በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ መበጥበጥ 0.1 በመቶ ገደማ ጥንካሬ ያለው ማጽጃ ይሰጣል። ፈሳሹ በዕቃው ላይ ቢያንስ ለ1 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ዕቃው በንጹሕ ውኃ ተለቅልቆ ይድረቅ። በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መቀላቀል አደገኛ ነው።

4. ተስማሚ ጨዋታዎችና የሚስተካከሉበት መንገድ

4.1 እንቆቅልሽና ተረት

ከላይ የተዘረዘሩትን ጥያቄዎች በይበልጥ የሚያልፉት አባቶቻችንና እናቶቻችን ያወረሱን የቃል ጨዋታዎች ናቸው። እንቆቅልሽ ዕቃ አይፈልግም፤ መነካካትን አያስከትልም፤ ማየት የተሳናቸውም እኩል ይሳተፉበታል። አንዱ «እንቆቅልህ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል፤ መልሱ የጠፋበት ደግሞ ሀገር እንዲሰጥ ይጠየቃል። በማዕከላት ውስጥ ይህን የመጨረሻ ክፍል በተለየ መልክ መጠቀም ይቻላል። ሀገር የሚሰጠው ሰው የሚያውቀውን ከተማ ወይም የተወለደበትን መንደር ይጥራና ስለ ገበያው፣ ስለ ወንዙ ወይም ስለ እህሉ አንድ ነገር ይንገር። ነዋሪዎቹ ከልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍል የመጡ በመሆናቸው ጨዋታው የመተዋወቂያ መንገድ ይሆናል። የተሸነፈውም ሰው ሲሸነፍ የሚናገረው ስላገኘ አያፍርም።

ተረትም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ጀምሮ ሌሎቹ በየተራ እያንዳንዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር እየጨመሩ ቢቀጥሉት፣ ማዳመጥንና ማስታወስን ያለማምዳል። ራቅ ብለው ለተቀመጡት እንዲሰማ አነስተኛ የድምፅ ማጉያ ቢኖር መጮህን ያስቀራል፤ ነገር ግን ማይክሮፎኑ ከአፍ ወደ አፍ እንዳይዘዋወር አስተባባሪው ብቻ ይዞ የተነገረውን ይድገም።

4.2 ገበጣና ዳማ

ገበጣ መቍጠርን፣ ማስታወስንና የጣት ቅልጥፍናን በአንድነት የሚያሠራ ጨዋታ ነው። ችግሩ ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱን ጠጠር ደጋግመው መንካታቸውና ተቀራርበው መቀመጣቸው ነው። ማስተካከያው ጠጠሩን አንድ ሰው ብቻ እንዲዘራ ማድረግ ነው። ጉድጓዶቹ ቍጥር ይሰጣቸውና ተጫዋቾቹ «ከሦስተኛው አንሣልኝ» እያሉ ያዝዛሉ፤ እጁን የታጠበው አስተባባሪ ይዘራላቸዋል። ቡድኑም ሁሉ ተመልካችና አማካሪ ይሆናል።

ለዳማ ሁለት ሰሌዳ ማዘጋጀት ይቻላል። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ሰሌዳና የራሱ የጠርሙስ ቆርኪዎች ይኖሩታል፤ ቤቶቹ ቍጥር ተጽፎባቸው አንዱ የተጫወተውን ሲናገር ሌላው በራሱ ሰሌዳ ላይ ያንኑ ያንቀሳቅሳል። ቆርኪ በቀላሉ የሚታጠብ በመሆኑ ለዚህ ተስማሚ ነው። ካርታ ግን ወረቀት በመሆኑ አጥቦ ማጽዳት ያስቸግራል፤ ብዙ እጅም ይነካዋል። ስለዚህ በወረርሽኝ ወቅት ቢቀር ይሻላል። በማናቸውም ጨዋታ ገንዘብ ማስያዝ አይፈቀድም።

4.3 የትዝታ ጨዋታ

የቅርቡን የሚረሱ ብዙ አረጋውያን የወጣትነታቸውን ዘመን አጥርተው ያስታውሳሉ። አስተባባሪው አንድ ርእስ አንሥቶ ሁሉም በየተራ የሚያስታውሱትን እንዲናገሩ ቢያደርግ የሚያነቃቃ ውይይት ይፈጠራል። ለምሳሌ አበበ ቢቂላ በሮም ኦሊምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። በ2013 ዓ.ም. 75 ዓመት የሚሞላቸው ሰው ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። በጥር 1954 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወስዳለች። «ወሬውን የት ሆነው ሰሙ? ሬዲዮ የነበረው ማን ቤት ነው?» የሚል ጥያቄ ብዙ ያናግራል። ስለ መጀመሪያ ደመወዝ፣ ስለ ሠርግ ልብስና ስለ ልጅነት ምግብ መጠየቅም ይቻላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትዝታ የሞተ ልጅን፣ ጦርነትንና ረኀብንም ያስነሣል። አንድ አረጋዊ ዝም ካሉ አይገደዱ፤ ካለቀሱም ጨዋታው ተበላሸ ተብሎ በችኮላ አይለወጥ። በጸጥታ ማዳመጥና በኋላ ለብቻቸው ማነጋገር ይገባል።

4.4 የእጅ ሥራና የጓሮ አትክልት

ጥጥ መፍተል፣ ስፌትና ጥልፍ በኅብረት ተቀምጦ በተናጠል የሚሠራ ሥራ በመሆኑ ለወረርሽኝ ወቅት ይስማማል። እያንዳንዷ እናት የራሷ እንዝርት፣ ወስፌና አክርማ ይኑራት፤ ስማቸው ተጽፎ ወይም ምልክት ተደርጎበት በየከረጢታቸው ይቀመጥ። ክርን ወይም አለላን በምራቅ የማራስ ልማድ ስላለ በአጠገባቸው አነስተኛ የውኃ ዕቃ ማስቀመጥ ያሻል። በአሮጌ ጣሳ ጎመን፣ በሶብላ ወይም ጤና አዳም መትከልም ይቻላል። የራሱ ጣሳ ያለው ሰው ጠዋት ከአልጋው የሚነሣበት ምክንያት ያገኛል።

4.5 ተቀምጦ የሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ

ወንበሩ የማይንሸራተትና መደገፊያ ያለው ይሁን። እግር መሬት ላይ በደንብ ካረፈ በኋላ ትከሻን ወደ ኋላ ማዞር፣ እጅን በየተራ ወደ ላይ ማንሣት፣ ጉልበትን ዘርግቶ ማጠፍ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስና ጣትን መጨበጥና መፍታት እያንዳንዱ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ይደረግ። በእስክስታ የትከሻ ምት ቢታጀብ አረጋውያኑ በደስታ ይሠሩታል። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ከተለመደው የተለየ የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ሰው ወዲያውኑ ያቁም፤ ለጤና ባለሙያም ይነገር።

4.6 ዜማና የቡና ሥነ ሥርዓት

ድምፅን ከፍ አድርጎ በኅብረት መዝፈንና መዘመር በወረርሽኙ ወቅት አይመከርም ነበር። መዝሙር፣ መንዙማ ወይም የቀድሞ ዘፈን በቴፕ ወይም በስልክ ተከፍቶ በጭብጨባና በትከሻ መከተል ይቻላል።

ቡና የብዙ አረጋውያን የቀን ደስታ ነው፤ ሊቀርባቸውም አይገባም። በግቢ ይፈላ፤ የዕጣኑ ጭስ አስም ያለባቸውን እንዳያስቸግር በነፋሱ አቅጣጫ ራቅ ይበል። ለእያንዳንዱ ሰው ምልክት ያለው የራሱ ሲኒ ይመደብ፤ አንድ ሰው ብቻ ይቅዳ። መጠጣት መሸፈኛን ማውለቅ ስለሚጠይቅ ርቀቱ በጥብቅ ይጠበቅ፤ ወጉ ሲኒው ከተመለሰና መሸፈኛው ከተደረገ በኋላ ይቀጥል። ፈንዲሻና ቆሎ በአንድ ሳፋ መቅረባቸው ቀርቶ ለየብቻ ይሰጡ።

5. የአስተባባሪው ሥነ ምግባር

አረጋውያን ሕፃናት አይደሉም። አስተባባሪው «አንቱ» እያለ፣ እንደ ልማዳቸው «አባባ»፣ «እማማ» ወይም በሚመርጡት ስም እየጠራ ያነጋግራቸው። መጫወት ያልፈለገ ሰው ተመልካች የመሆን መብት አለው። ጨዋታውን ማስተማር የሚችሉት ብዙውን ጊዜ አረጋውያኑ ራሳቸው ስለሆኑ መሪነቱ በየተራ ይሰጣቸው።

የአፍ መሸፈኛ የከንፈርን እንቅስቃሴ ስለሚሰውር መስማት የሚከብዳቸው ሰዎች ከጨዋታው ሊርቁ ይችላሉ። ስለዚህ አስተባባሪው ፊት ለፊት ቆሞ በዝግታ ይናገር፤ በእጁ ምልክት ያሳይ፤ አስፈላጊ ሲሆን በትልልቅ ፊደል ጽፎ ያሳያቸው። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ርቀትን ቢረሱ በቍጣ ሳይሆን ወንበራቸውን በማሳየት ይመለሱ።

6. ጨዋታ እንደ ዕለታዊ ክትትል

በአረጋውያን ላይ ኮቪድ-19 ሁልጊዜ በትኩሳትና በሳል አይጀምርም። ድንገተኛ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ግራ መጋባት ወይም መውደቅ የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። እነዚህን ለውጦች ቀድሞ የሚያስተውለው በየቀኑ አብሯቸው የሚጫወት ሰው ነው። ትናንት እንቆቅልሽ ሲያስቸግሩ የነበሩት አባት ዛሬ ዝም ካሉ፣ ገበጣ የማይስቱት እናት ቍጥር ከጠፋባቸው፣ አስተባባሪው ምክንያቱን ይጠይቅ፤ ሙቀታቸው ይለካ፤ ለጤና ባለሙያ ይነገር። ለዚህም ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የተገኙ ሰዎች ስምና የታየ ለውጥ በመዝገብ ይጻፍ።

7. ሕመም ሲጠረጠር

በማዕከሉ ውስጥ በበሽታው የተጠረጠረ ሰው ሲገኝ የቡድን ጨዋታ ሁሉ ወዲያውኑ ይቁም። ታማሚው በተለየ ክፍል ይቆይ፤ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 ይደወል፤ የባለሙያው መመሪያም ይፈጸም። ያኔም ቢሆን የሚቆመው መሰብሰቡ እንጂ መጫወቱ አይደለም። አስተባባሪው በግቢው መካከል ሆኖ በድምፅ ማጉያ እንቆቅልሽ ሲጠይቅ ነዋሪዎች በየመስኮታቸው በእጅ ምልክት ሊመልሱ ይችላሉ። ስፌትና የጣሳው አትክልት በየክፍሉ ይቀጥላል። ቤተሰብ ላለው አረጋዊ በተወሰነ ሰዓት ስልክ ይደወልለት፤ ስልኩም ከእያንዳንዱ ተጠቃሚ በኋላ ይጽዳ።

8. በቤት ውስጥ ላሉ አረጋውያን

በሀገራችን አብዛኞቹ አረጋውያን የሚኖሩት ከልጅና ከልጅ ልጅ ጋር ነው። ከላይ የተገለጸው ሁሉ በቤትም ይሠራል። ለሥራ ወይም ለገበያ ወጥቶ የሚገባ የቤተሰብ አባል እጁን ሳይታጠብ አያትን አይቅረብ፤ በመሳም ፈንታ እጅ በመንሣት ሰላምታ ይስጥ። ልጆች ከአያታቸው ጋር በበረንዳ ርቀታቸውን ጠብቀው ተረት ቢሰሙና የሰሙትን በደብተር ቢጽፉ ለሁለቱም ወገን ትምህርት ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በማዕከልዎ ወይም በቤትዎ ከወረርሽኙ በኋላ የተቋረጠ ጨዋታ የትኛው ነው? በአራቱ ጥያቄዎች ሲመዘን ምን ይጎድለዋል?
2. ያን ጨዋታ ለማስተካከል ምን ዕቃ፣ ምን ቦታና ማን ያስፈልጋል?
3. በዚህ ሳምንት በጨዋታው ላይ ያልተገኘ አረጋዊ አለ? ያልተገኘበት ምክንያትስ ተጠይቋል?

ማጠቃለያ

የአረጋውያንን ሕይወት ከቫይረሱ መጠበቅ የሁላችንም ግዴታ ነው፤ የሚጠበቀው ሕይወት ግን የሚወራበት፣ የሚሳቅበትና የሚጠበቅ ነገ ያለው ሕይወት መሆን አለበት። አነስተኛ ቋሚ ቡድን፣ ክፍት አየር፣ የሁለት እርምጃ ርቀት፣ የታጠበ እጅ፣ የተሸፈነ አፍና አፍንጫ፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ዕቃ፦ እነዚህ ሲሟሉ ጨዋታው ይቀጥላል። በማዕከልዎ የቆመ ጨዋታ ካለ ነገ ጠዋት በአራት ወንበርና በአንድ እንቆቅልሽ ይጀምሩ።